ሰማሁ እንጂ እሺ አላልኩም

የውብዳር ሪያድ በኖረችባቸው አምስት ዓመታት ከአፏ «ጠይብ» ስንት ጊዜ እንደወጣ ልቁጠር ብሎ የተነሣ ሰው ቢኖር፣ ገና የመጀመሪያው ረመዳን ሳይጋመስ ሥራውን ጥሎ በሄደ ነበር። ልብሱን ተኩሺ፣ ጠይብ። እንግዳ መጥቷልና ሻይ አፍዪ፣ ጠይብ። ዛሬ ዓርብ ቢሆንም አትወጪም፣ ጠይብ። ዓረቡ ይህን ቃል የሚለው ነገሩን ተቀብሎ ሲያበቃ ነው፤ መልካም፣ ይሁን እንደ ማለት። የውብዳር ግን በራሷ አማርኛ ነበር የተረጎመችው። እኛ ሰው ሲያወራን በየመሀሉ «እሺ… እሺ…» እንል የለ? ተስማማን ማለት አይደለም፤ እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለታችን ነው። እሷም ጠይብን እንደዚያ አድርጋ ይዛው ቀረች። ልዩነቱን የነገራት አልነበረም። ለመጥረጊያና ለካውያ ደግሞ ልዩነቱ ምንም አያመጣም፤ ሰማችም ተስማማችም ሥራው መሠራቱ አይቀርም።

ጉዱ የፈላው ነገሩ ከመጥረጊያ አልፎ ጥርሷ ላይ የመጣ ጊዜ ነው።

የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ቀጠን ያለች፣ አረማመደ ፈጣን፣ ድዷን በልጅነቷ የተነቀሰች። ከላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሀል ፍንጭት አላት። ፍንጭት ምን እንደሆነ እዚህ ቁጭ ብዬ አላስረዳም፤ ስንቱን ጎረምሳ እንቅልፍ እንደነሳ የማያውቅ አማርኛ አንባቢ ካለ ወላጆቹን ይጠይቅ። አያቷ «የውብዳር» ብለው ስም ሲያወጡላት ገና ጥርስ አልነበራትም፤ ሰፈሩ ግን ጥርሷ ከወጣ በኋላ ስሟን እርግፍ አድርጎ ትቶ «ፍንጭቷ» ነበር የሚላት። ባሏም ያገባት ሳቋን አይቶ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጥሏት ሲሄድ ሳቋ ትዝ ያለው አይመስልም፤ እሱን እንተወው። ልጇን ሰላምን በሦስት ዓመቷ ለታላቅ እህቷ አደራ ሰጥታ ወደ ሪያድ በረረች።

የገባችው መለዝ ከሚባለው ሰፈር፣ ሰማንያን የተሻገሩ አሮጊት ቤት ነው። የቤቱ ሠራተኞች ሁሉ «ማማ ከቢራ» ይሏቸዋል፤ ትልቋ እማማ እንደ ማለት ነው። የውብዳር ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ታውጣቸዋለች። የቤቱን ትእዛዝ የምትሰጠው ግን ልጃቸው ኑራ ናት። ኑራ አስተማሪ ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ብቻ ሰው ሁሉ ተማሪዋ ይመስላታል። የውብዳር ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የተሟላ ነበር። ቢሆንም አበሻ ከሳዑዲ በገፍ ከተባረረበት ከ2006ቱ ኅዳር ወዲህ ወረቀት ያለውም የሌለውም አበሻ ድምፁን ቀነስ አድርጎ ነበር የሚኖረው፣ እሷም ጠይቧን ጨመር አደረገች።

በ2007 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ አንድ ጠዋት ማማ ከቢራ ታጥበው ሲወጡ እግራቸው ሳሙና ረገጠና ሸርተት አሉ። የውብዳር ከሥራቸው ገባችላቸው። አሮጊቷ እሷ ደረት ላይ አረፉ፣ የእሷ አፍ ደግሞ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አረፈ። ማማ ከቢራን አንዲት ጭረት አልነካቻቸውም። የውብዳር ግራ የፊት ጥርስ ግን ከድዷ ሥር ተሰብሮ ወለሉ ላይ ተገኘ። አምስት ዓመት ጥርሷን ነክሳ የኖረች ሴት አሁን የምትነክሰው ጎደላት።

ኑራ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች። እናቷን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች፤ ደህና መሆናቸውን ስታይ ዞራ የውብዳርን ግንባር ሳመች።

«እናቴን አተረፍሽልኝ። ጥርስሽ በኛ ነው፣ ከሁሉ የሚሻለውን ነው የማስተክልልሽ» አለቻት።

የውብዳር አፏን በፎጣ እንደያዘች «ጠይብ» አለች።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበላቸው ዶክተር ጀላል የሚባል ወጣት ሶርያዊ ነው። እጁ ቀላል ነው፣ ምላሱ ግን ይፈጥናል። የውብዳር ወንበሩ ላይ አፏን ከፍታ ተንጋላለች፤ እሱ ግን የሚያወራው ራስጌዋ ከቆመችው ከኑራ ጋር ነበር። ሦስት መንገድ አለ ብሎ ዘረዘረ። አንደኛው ማታ ማታ የሚወልቅ ጥርስ ነው። ሁለተኛው ጅስር ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ደህና ጥርሶች ሞርዶ በላያቸው ላይ ድልድይ መሥራት። ሦስተኛው ዚራዓ ነው፤ አጥንቱ ውስጥ ብሎን ቀብሮ፣ አጥንቱ ሲይዘው በላዩ ጥርስ ማቆም። የውብዳር ከዚህ ሁሉ የገባት ሁለት ቃል ነው። ጅስር፣ ባጥሐ ገበያ ስትሄድ አውቶቡሱ የሚያልፍበት ድልድይ ነው። ዚራዓ ደግሞ እርሻ ነው፤ ማማ ከቢራ የቀድሞ የቴምር እርሻቸውን ሲያነሱ ሰምታዋለች። ድልድይና እርሻ ጥርሴ ውስጥ ምን ይሠራሉ ብላ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ቁስሏ ቆነጠጣት።

ኑራ ዚራዓውን መረጠች። ዶክተሩ ለወጉ ያህል ወደ የውብዳር ጎንበስ ብሎ «ጠይብ?» አላት። «ጠይብ» አለች። ወረቀት አመጡላት፣ ፈረመች። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች፤ ፊርማዋ ያምራል።

ፍትሐዊ ለመሆን ምርጫው ጥሩ ምርጫ ነበር፣ ሥራውም ጥሩ ሥራ ነው። የተሰበረው ሥር ወጣ፣ ብሎኑ ገባ፣ አጥንቱ እስኪይዘው አራት ወር ጠብቂ ተባለች። እነዚያን አራት ወራት ደጅ ስትወጣ ኒቃቧን ሳታጉረመርም ለበሰች፤ በሕይወቷ ጨርቁን ያመሰገነችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ ሰላም ደወለች። ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው።

«እማዬ! የፊት ጥርሶቼ ወጡ! እንዳንቺ ናቸው፣ መሀላቸው በር አለው!»

አክስቷ ፎቶውን ላከችው። የውብዳር ወጥ ቤት ቆማ አየችው፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ደግማ አየችው፣ ከዚያ አለቀሰች። ልጅቷ አባቷን ቁርጥ ናት፤ ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ ግንባሩ ሳይቀር። ከእናቷ መልክ ይሄ ነው የሚባል ነገር ሳይገኝባት ነበር ስምንት ዓመት የደረሰችው። አሁን ግን አለ፤ ሁለት ጥርስ መሀል፣ እህል በማታሳልፍ ክፍተት። ሰላም «ያንቺን አሳዪኝ» ስትላት የውብዳር አፏን በእጇ ከደነች።

«ቆይ፣ እየተሠራልኝ ነው። ሲያልቅ አሳይሻለሁ» አለቻት።

ሰኔ መግቢያ ላይ ዶክተር ጀላል ኮምፒውተሩን ወደ እነሱ አዞረ። አንድ ፎቶ ከሁለት አድርጎታል፤ በስተግራ አሁን ያለው አፏ፣ በስተቀኝ ሥራው ሲያልቅ የሚሆነው። በስተቀኝ ያለችው ሴት ድዷ እንደ ሕፃን ድድ ቀልቷል፤ ጥርሶቿ ከዳር እስከ ዳር ተሳስመዋል። ኑራ «ማሻአላህ!» አለች። ዶክተሩ በእርሳሱ ጫፍ እያሳየ አንዱን ነገር ተናገረና «ጠይብ?» አለ፤ ሁለተኛውን ተናግሮ «ጠይብ?» አለ፤ ሦስተኛውንም እንዲሁ። የውብዳር ሦስት ጊዜ ጠይብ አለች። ምላሷ ከለመደው አልወጣ ብሎ ነው እንጂ ዓይኗ በስተቀኝ ካለችው ሴት አልተነቀለም ነበር። ያቺን ሴት አታውቃትም።

ወደ መታጠቢያ ቤት ስትገባ አንዲት የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ተከትላት ገብታ በሩን ዘጋች። ሂክማ ትባላለች፤ የባቲ ልጅ ናት፣ ጉበይራ ሰፈር ከአራት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዓረብ ሐኪሞች ጋር ስለዋለች የጥርስ ዓረብኛ ከእሷ የሚያልፍ የለም። ክፍሉን እየወለወለች ሁሉንም ሰምታለች።

«አንቺ እህቴ፣ እንዴት ብትጨክኚ ነው ደህናውን ጥርስሽን ሞርዱት የምትዪ?»

«ማን፣ እኔ? መቼ ወጣኝ?»

«አሁን ነዋ! ቀኙን ጥርስሽን ሞርደው አሳንሰው ቆብ ሊያለብሱት፣ አዲሱን ደግሞ ሰፋ አድርገው ሊሠሩት፣ ፍንጭትሽ ሊደፈን ነው። ንቅሳትሽንም በሽታ መስሏቸው በጨረር ሊፍቁት። በሦስቱም ጠይብ አልሽ።»

«ጠይብ ያልኩትኮ ሰማሁ ለማለት ነው!»

ሂክማ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «በይ አትቀልጂ። እዚህ አገር ጠይብ ማለት ተስማማሁ ማለት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ስትስማሚ ኖረሻል በይኛ!»

የውብዳር ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «የተሞረደ ጥርስ መልሶ ያድጋል?»

«ጥፍር መሰለሽ እንዴ? ወላሂ አያድግም። ቀጠሮሽ እሑድ ነው። እስከዚያ አንደበት ካለሽ ተናገሪ።»

መኪና ውስጥ ተናገረች። በተሰባበረ ዓረብኛ፣ ጥርሴን አትንኩብኝ፣ እንደ ድሮዬ ይሁን አለች። ኑራ ፊቷ ተለወጠ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚያስደፍነውን ክፍተት እኛ በነፃ እናስደፍንልሽ ብንል ይከፋሻል? ዶክተሩ ያውቃል ወይስ አንቺ? የውብዳር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የተደረገልሽን ውለታ እንዲህ ሳይሆን እንዲያ አድርጉልኝ ማለት ነውር ሆኖ ታያት። ጥርሱ ግን የእሷ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ሊያስረሳት አልቻለም። እስከ እሑድ በጠዋት እየተነሣች መስተዋት ፊት ቆማ ደህናውን ጥርሷን በጣቷ ትነካው ነበር።

እሑድ ሂክማ ተረኛ አልነበረችም። ኑራ ውጪ ስልክ ታወራለች። ዶክተሩ የማደንዘዣውን መርፌ አንሥቶ ሲጠጋ የውብዳር አንጓውን ያዘችው። ሌት ከቀን ያሰበችበትን፣ ካለቻት ዓረብኛ ሁሉ ለቅማ ያገኘችውን ቃል ወረወረች።

«ኸሊህ መፍቱሕ!»

ክፍቱን ተወው ማለት ነው። ፍንጭቴን ማለቷ ነበር። ዶክተር ጀላል ግን አፏ ውስጥ ሲመለከት ከፊቱ የተከፈተው ትልቁ ነገር ጥርሱ የጎደለበት ጉድጓድ ነው። «ይሄን? ክፍቱን?» አላት በጣቱ እያሳየ። እሷም ፍንጭቷ የነበረበትን ቦታ ያሳያት መስሏት «አይዋ፣ ክፍቱን!» አለች። ደግሞ ጠየቃት፤ እሷም አጽንታ ነገረችው። ዶክተሩ ትከሻውን ሰብቆ መርፌውን አስቀመጠና ፋይሏ ላይ «ታካሚዋ ጥርስ አልፈልግም ብላለች» ብሎ ጻፈ። «ኸላስ፣ በቃ» አለ። የውብዳር ያሸነፈች መስሏት ተነሣች። ምን እንዳደረገች የገባት ማታውን ኑራ ፊቷን አዙራ፣ ይህን ሁሉ የደከምኩልሽ ቀዳዳ ይዘሽ ልትቀሪ ነው ያለቻት ጊዜ ነው።

ያን ሳምንት ረመዳን ገባ። ኑራ ከትእዛዝ በቀር ቃል አትተነፍስላትም፤ የውብዳርም ቀዳዳዋን ይዛ ጠዋት ታጥባለች፣ ከሰዓት ሳምቡሳ ትጠቀልላለች። ተስፋ ቆረጠች ብላችሁ እንዳታስቡ። እጇ ሲጠቀልል አእምሮዋ ቃል እየፈለገ ነበር። ፍንጭት በዓረብኛ ምን ይባላል? ባጥሐ ገበያ ላገኘቻቸው አበሾች ሁሉ ጠየቀች፤ የሚያውቅ ጠፋ።

ከመግሪብ ሶላት በፊት አንድ ቀን ማማ ከቢራ ከሶፋቸው ሆነው ጠሯት።

«ኑራ ጥርስ እምቢ አለች ትለኛለች። ስለኔ የሰበርሽውን ጥርስ እንዴት እምቢ ትያለሽ? ተቀይመሽኛል?»

«እኔ እርስዎን? በፍጹም ማማ!» አለችና ስልኳን አወጣች። የሰላምን ፎቶ አሳየቻቸው፤ ጥርሷን፣ መሀሉን፣ ከዚያ የራሷን አፍ። ሁለት ጣቶቿን አጠጋግታ በመሀላቸው ትንሽ ብርሃን አሳለፈች።

አሮጊቷ ስልኩን እስከ አፍንጫቸው አቅርበው አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ፈልጃ!» አሉ። «ልጅሽ ፈልጃ ናት! አንቺም ፈልጃ ነበርሽ?»

ፈልጃ። ስትፈልገው የከረመችው ቃል እዚሁ ቤት፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማማ ከቢራ ቀጠሉ፤ በእሳቸው ወጣትነት ፈልጃ የሆነች ሴት ስትስቅ ወንዱ መንገድ ይስት ነበር፣ ሳይኖራት የምትመኘው ሴት ብዙ ነበረች። ከዚያ የላይኛውን ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ጥርሶቹ አንድ ላይ ተደርድረው ገጥመዋል።

«እኔም ነበረኝ። ይሄ ሲሠራልኝ ኑራና ሐኪሙ ተነጋገሩ፤ እኔ አፌን ከፍቼ ተቀመጥሁ። የጠየቀኝ የለም። ቤት ስገባ ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አየኝና ‹ይቺ ደግሞ ማን ናት?› አለ። ሳቅን። እሱ ቀልዱን ረሳው፣ እኔ ግን አልረሳሁትም።»

የውብዳር እጃቸውን ያዘች። «ለዶክተሩ ይንገሩልኝ፣ ማማ።»

«እኔ ከነገርኩትማ ያው ሌላ ሰው ስላንቺ ተናገረ። ቃሉን ሰጠሁሽ። ሂጂና ራስሽ ንገሪው።»

ከዒድ በኋላ የመጀመሪያውን ዓርብ ፈቃድ ስታገኝ ጉበይራ ሂክማ ዘንድ ሄደች። ሂክማ ቃሉን ስትሰማ ጭኗን መታች፤ ስምንት ዓመት ክሊኒክ ስትውል ሰምታው አታውቅም። ሁለቱ ተቀምጠው የሳምቡሳ ሊጥ በመጣበት ካርቶን ጀርባ ላይ ዓረብኛውን በፊደላችን ጻፉት። ከሁሉም በላይ ሂክማ አንድ ነገር አስጠናቻት፦ «ፈህምት፣ ላኪን ማ ዋፈግት።» ገባኝ፣ ግን አልተስማማሁም።

«እስኪጨርስ ድረስ ጠይብ የምትባል ቃል ካፍሽ እንዳትወጣ። አንዴ ካመለጠችሽ ሞረዱን ያነሳል» አለቻት።

አምስት ዓመት የለመደ ምላስ በሳምንት አይገራም። የውብዳር ዕቃ ስታጥብ ትለማመዳለች፣ ስትተኩስ ትለማመዳለች። አንድ ቀን ኑራ «ሻይ» ስትላት «ፈህምት፣ ላኪን—» ብላ ምላሷን ነከሰች። ሻዩን ይዛ ስትመለስ ግን ትሪውን ካስቀመጠች በኋላ ቆመች።

«ማማ ኑራ፣ ጥርስ እፈልጋለሁ። እምቢ አላልኩም፣ ዶክተሩ ሳይገባው ነው። ውሰጂኝ። ብቻዬን እገባለሁ፤ እኔ ነኝ የማናግረው።»

ኑራ እናቷን አየች። ማማ ከቢራ ጣሪያውን ያያሉ። «እንደ ፍጥርጥርሽ» አለች ኑራ በመጨረሻ።

ዶክተር ጀላል ፋይሉን ሲገልጥ ጥርስ አልፈልግም ያለችውን ሴት አስታወሳት። የውብዳር አልተንጋለለችም። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ካርቶኗን ከቦርሳዋ አወጣች። ሂክማ ጥጉ ላይ ቆማ የመስኮቱን ጠርዝ ደጋግማ ትወለውላለች፤ ያ ጠርዝ እንደዚያን ቀን ጸድቶ አያውቅም።

«ዶክተር፣ ያን ጊዜ ክፍቱን ያልኩት ጉድጓዱን አይደለም። እኔ ፈልጃ ነኝ። ፈልጃዬን ነው ክፍት ተወው ያልኩት» አለችው፣ እያነበበች።

ዶክተሩ ፋይሉን አየ፣ የጻፈውን አየ፣ ጆሮው ቀላ። «አያቴ ናት ይህን ቃል የምትለው» አለ። ቢሆንም ሐኪም ነውና ኮምፒውተሩን አብርቶ ያንኑ ፎቶ አመጣ። ሁለቱ ጥርሶች ቢገጥሙ የበለጠ ያምራል፣ ቀኙ ትንሽ ነው የሚሞረደው፣ ምንም አያምም አላት። «ጠይብ?»

ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ሂክማ መወልወሏን አቆመች።

«ፈህምት» አለች የውብዳር። «ላኪን ማ ዋፈግት።»

«ድድሽ ላይ ያለውን ጥቁረትም በአንድ ቀን እናጠፋዋለን። ጠይብ?»

«ፈህምት። ላኪን ማ ዋፈግት። በሽታ አይደለም። በመርፌ የተነቀስኩት ነው፣ ለውበት። ስነቀስ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም፤ ልታጠፋብኝ ነው?»

ዶክተሩ ሳቀ፤ በእሷ ላይ ግን አልነበረም። ተሽከርካሪ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸው እኩል ሆነ። «እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ» አላት። ነገረችው። ደህናውን ጥርሴን አትንካ። አዲሱን ከድሮው እኩል አድርገው፣ በመሀል በሩን ተውልኝ። ድዴን ተወው። እሱም ያልነገራትን አሁን ቀስ ብሎ ነገራት፤ አዲሱ ጥርስ ሥር ምግብ እንዳይቀር በየቀኑ በክር ማጽዳት እንዳለባት፣ ካልጸዳ ብሎኑን የያዘው አጥንት እንደሚጎዳ፣ በየስድስት ወሩ መታየት እንደሚያስፈልግ። ያልገባትን ጠየቀች። አሁንም ያልገባትን እሱ በወረቀት ላይ ሣለላት፣ ሂክማም ከጥጉ ሆና አስረዳቻት። በመጨረሻ የጥርስ ቀለም ናሙናዎች አምጥቶ ምረጪ አላት። ነጩን አልመረጠችም። መስተዋቱን ይዛ አንድ በአንድ ከቀኙ ጥርሷ አጠገብ እያስጠጋች የሚመስለውን እስክታገኝ ሩብ ሰዓት ያህል አስጠበቀችው፣ እሱም ጠበቃት።

«አሁንስ?» አለ ዶክተሩ። ቃሉን ራሱ ሊላት የፈራ ይመስላል።

የውብዳር የተሣለውን ወረቀት አንዴ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሁሉም ነገር የነገረችው ነው።

«አሁን ጠይብ» አለች።

ጥርሱ የተገጠመው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ያንኑ ዕለት ወጥ ቤት ቆማ ወደ ደብረ ታቦር ደወለችና ለሰላም አፏን ሞልታ ሳቀችላት። ልጅቷ ከወዲያ ስልኩን እስከ ጥርሷ አስጠግታ ጮኸች።

«እማዬ! በርሽ ተመለሰ! እዪ፣ እኩል ነን!»

የውብዳር ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ማማ ከቢራ ቅረቢ አሏት፤ አገጯን በሁለት ጣታቸው ያዙና አፏን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ከዚያ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውጥተው የሻይ ትሪው ላይ፣ ብርጭቆዎቹ መሀል አስቀመጡት።

«ኑራ፣ ከዚያ ዶክተር ቀጠሮ ያዢልኝ። ይሄን በሌላ እቀይራለሁ።»

«ዩማ! እናቴ፣ በሰማንያ ሦስት ዓመትሽ?» አለች ኑራ። «ጥርሱ ምን ሆነ? ደህና አይደል? ዶክተሩን ደውዬ ላማክረው፣ ምን እንደሚሻል እሱ—»

«እኔ ነኝ የምነግረው» አሉ አሮጊቷ በባዶ ድዳቸው። «ሰማሽኝ?»

ኑራ ከእናቷ ወደ የውብዳር፣ ከየውብዳር ወደ ትሪው ተመለከተች። የምትለው ብዙ ነበራት።

«ጠይብ» አለች።